የተቆራኙ ፎቶኖችን በብቃት ማምረት፦ ከሌዘሩ እስከ ቤል ፈተና ደረጃ በደረጃ

የተቆራኙ የፎቶን ጥንዶች (የአንዱ ልኬት ውጤት ከሌላው ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች) ምንጭ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው በሰከንድ ስንት ጥንድ እንደሚያወጣ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። አንዱን ፎቶን ስትይዙ ጓደኛውም አብሮ የመያዝ ዕድሉ ስንት ነው? ለኳንተም ቁልፍ ልውውጥም (የምስጢር ቁልፍን በፎቶን ለመላላክ) ሆነ ለኳንተም ኮምፒውተር ምንጩን የሚጠቅም ወይም የማይጠቅም የሚያደርገው ይሄ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ምንጭ በሰከንድ 1,000,000 ጥንድ ያመርታል እንበል፤ ግን በእያንዳንዱ መንገድ ከ100 ፎቶን 5ቱ ብቻ ይቆጠራሉ። ሌላው ምንጭ 100,000 ጥንድ ብቻ ያመርታል፤ ግን ግማሾቹ ይቆጠራሉ። በሁለቱም ላይ እያንዳንዱ ዲቴክተር በሰከንድ 50,000 ያሳያል። ስለዚህ ነጠላ ቆጠራውን ብቻ ካያችሁ ሁለቱ ምንጮች አንድ ይመስላሉ። ሁለቱ ፎቶኖች አብረው የተያዙባቸውን ጊዜያት ስትቆጥሩ ግን የመጀመሪያው 2,500፣ ሁለተኛው 25,000 ይሰጣል። አንድ አስረኛ አምርቶ አስር እጥፍ ማግኘት ማለት ነው። ጓደኛው የጠፋበት ፎቶን እንደ አንድ እግር ጫማ ነው፤ ቢከመርም የሚያስኬድ አይደለም። አራት ፎቶን በአንዴ የሚፈልግ ሙከራ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ብቃቱ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ በ5 በመቶ እና በ50 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት 10,000 እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በየደረጃው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ጋ ጥንዱን የሚነጥለው ምንድን ነው?

የምንሠራው

የመረጥኩት ንድፍ በ1999 ፖል ክዊያት እና ባልደረቦቹ ያቀረቡትን፣ ሁለት ስስ ክሪስታሎችን አንድ ላይ የሚያጣብቀውን ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም ዕቃው ጥቂት ነው፣ ፊዚክሱም በግልጽ ይታያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የ405 ናኖሜትር ሌዘር (ከዚህ በኋላ ፓምፕ የምንለው) ቢቢኦ የተባለ ክሪስታል ውስጥ ይገባል። አልፎ አልፎ አንድ ሐምራዊ ፎቶን ሁለት ይሆናል። የሁለቱ ኃይል ሲደመር ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆን ስላለበት፣ እኩል ከተካፈሉ እያንዳንዳቸው 810 ናኖሜትር ይሆናሉ። 50 ሚሊዋት ሌዘር በሰከንድ 1 እና ከኋላው 17 ዜሮ ያህል ፎቶን ይልካል፤ ከቢሊዮን አንዱ እንኳን አይከፈልም። ቀሪው ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋል። መጠኑን ካሁኑ ልብ በሉት፣ በኋላ ስለ ፊልተር ስናወራ ያስፈልገናል።

ለምን ሁለት ክሪስታል? ቁም ፖላራይዜሽን (የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ያለው ፓምፕ በአንደኛው ክሪስታል ውስጥ ሁለት አግድም ፎቶኖችን ይሰጣል። አግድም ፓምፕ ደግሞ፣ 90 ዲግሪ ዞሮ በተቀመጠው በሁለተኛው ክሪስታል፣ ሁለት ቁም ፎቶኖችን ይሰጣል። ፓምፑን በ45 ዲግሪ ሰያፍ ስታደርጉት ሁለቱም ዕድል እኩል ነው። ጥንዱ ከየትኛው ክሪስታል እንደወጣ የሚያሳብቅ ምንም ምልክት ከሌለ የምታገኙት የተቆራኘ ጥንድ ነው። ምልክት ከቀረ ግን ተራ ቅይጥ ይሆናል። «ምንም ምልክት» የሚለውን አትርሱት፤ ደረጃ 6 ሙሉ በሙሉ በሱ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ጠረጴዛው፣ ዓይናችሁ እና መብራቱ

405 ናኖሜትር ለዓይን ደብዛዛ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ደብዛዛ አይደለም። በዚህ ጉልበት ያለ ሌዘር በአንድ ጊዜ ነጸብራቅ ዓይን ሊያበላሽ ይችላል። ለዚህ ሞገድ የተሠራ መነጽር አድርጉ፣ ሰዓትና ቀለበት አውልቁ፣ ከክሪስታሉ ኋላ ፓምፑን የሚውጥ ጥቁር ማቆሚያ አኑሩ።

ዲቴክተሮቹ አንድ ፎቶን የሚሰሙ ናቸው፤ የክፍሉ መብራት ቢያገኛቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ የክፍሉን መብራት ሳታጠፉ ዲቴክተር አታብሩ። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ሌዘሩንም ዲቴክተሩንም ከዩፒኤስ ጋር አገናኙ፣ ምክንያቱም የሌዘር ዳዮድ ድንገተኛ የኃይል መጨመር አይችልም። ቢቢኦ እርጥበት ስለሚስብ በክረምት በተለይ እርጥበት መምጠጫ ባለበት የተዘጋ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ ፓምፑን አዘጋጁ

ከሌዘሩ ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ ፊልተር፣ ፖላራይዘር፣ ሃፍ ዌቭ ፕሌት፣ ክሪስታል። ፊልተሩ የሚያስፈልገው ርካሽ ዳዮዶች ከ405 ውጪ ደብዛዛ ቀይ ብርሃንም ስለሚያወጡ ነው። ከጥንዶቻችሁ ጋር ሲነጻጸር ያ ደብዛዛ ብርሃን ጎርፍ ነው። ፖላራይዘሩ ፓምፑን ያጠራል። ሃፍ ዌቭ ፕሌቱን 22.5 ዲግሪ ስታዞሩት ፖላራይዜሽኑ 45 ዲግሪ ይዞራል።

ለጊዜው ግን 45 ላይ አታድርጉት። በቁም ጀምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ክሪስታል ብቻ ሲሠራ ማስተካከል ይቀላል።

ደረጃ 3፦ ክሪስታሉ እና የሚወጣው ኮን

ክሪስታሉ ጥንዱን በተወሰነ ማዕዘን እንዲያወጣ ተቆርጦ ይመጣል። ለ405 ፓምፕ የተለመደው የቢቢኦ አቆራረጥ 29 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እያንዳንዱ ክሪስታል ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ወፍራም ክሪስታል ጥንድ ያበዛል፣ ግን ጥንዱ ከየትኛው እንደመጣ በቦታም በጊዜም ይለያል። ለመጀመሪያ ሥራ ስሱን ምረጡ።

ጥንዶቹ ከፓምፑ 3 ዲግሪ ያህል ርቀው በኮን ይወጣሉ። 1 ሜትር ላይ ይህ ከፓምፑ 5.2 ሴንቲሜትር ግራ እና 5.2 ሴንቲሜትር ቀኝ ማለት ነው። ሁለቱ ፎቶኖች ሁልጊዜ በፓምፑ ተቃራኒ ጎን ናቸው፣ ምክንያቱም የጎን ግፊታቸው ሲደመር ዜሮ መሆን አለበት። በማስመሪያ ለክታችሁ ሁለቱን መሰብሰቢያ ሌንሶች እዚያ ላይ አቁሙ። እዚህ ላይ በግምት መሄድ ብዙ ሰዓት ያባክናል።

ደረጃ 4፦ ወደ ፋይበር ማስገባት

እዚህ ጋ ጊዜ ስጡ። ብቃት የሚገኘውም የሚጠፋውም በአብዛኛው እዚህ ነው።

810 ናኖሜትር ያለ ጥንድ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ወደኋላ ነው የሚሠራው። የፋይበሩን ጫፍ ከዲቴክተሩ ንቀሉ (ይህን አስቀድሙ፣ ዲቴክተሩ ላይ ሌዘር እንዳይሄድበት)፣ በዚያ ጫፍ ደካማ ቀይ ሌዘር አስገቡ፤ ብርሃኑ በፋይበሩ ወደኋላ ሄዶ በሌንሱ ወጥቶ ክሪስታሉ ላይ ያርፋል። የሌንሱን ማስተካከያ እያዞራችሁ የቀዩን ነጥብ ከሐምራዊው ነጥብ ጋር አገጣጥሙ። ሁለተኛውንም መንገድ እንዲሁ። ሦስቱም ጨረሮች ክሪስታሉ ውስጥ አንድ ቦታ ሲገናኙ ቀይ ሌዘሩን አጥፉ፣ ፋይበሩን ወደ ዲቴክተሩ መልሱ፣ መብራት አጥፉ፣ ቁጠሩ።

ከመልቲሞድ ፋይበር ብትጀምሩ ይሻላል፤ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ቁጥር ይታያል። መንገዱ ከተገኘ በኋላ ወደ ሲንግልሞድ ቀይሩ። ሲንግልሞድ ብዙ ጥንድ ይጥላል፣ ግን የሚያስቀረው አንድ ንጹሕ የብርሃን ቅርጽ ነው፣ ያ ደግሞ ለጥራቱ ወሳኝ ነው።

የፓምፑ ውፍረት ክሪስታሉ ላይ ስንት ይሁን ለሚለው፦ ጠበቅ ያለ ትኩረት ጥንድ ያበዛል፤ ላላ ያለ ትኩረት ደግሞ አንዱ ሲያዝ ጓደኛው አብሮ እንዲያዝ ይረዳል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ሌንስ የለም፤ መምረጥ ግድ ነው። እኔ ሁልጊዜ ወደ ላላው አደላለሁ። የጎደለውን ብዛት የሌዘሩን ጉልበት በመጠኑ በመጨመር ማካካስ ይቻላል (ገደቡን ደረጃ 7 ላይ እናያለን)፤ የተነጠለን ጥንድ ግን ምንም ጉልበት አይመልሰውም።

ደረጃ 5፦ ቁጠሩ፣ ከዚያ አካፍሉ

ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፦ የግራው ነጠላ ቆጠራ፣ የቀኙ ነጠላ ቆጠራ፣ እና ሁለቱ አብረው የሰሙበት ጥምር ቆጠራ። ጥምሩን የሚያወጣው ኤፍፒጂኤ (በፕሮግራም የሚዋቀር ቺፕ) ወይም ታይም ታገር (የእያንዳንዱን ቆጠራ ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ) ነው። ሁለቱ ኬብሎች እኩል ርዝመት ይኑራቸው። በኮአክሲያል ኬብል ውስጥ 1 ሜትር 5 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የጊዜ መስኮታችሁ 3 ናኖሰከንድ ሆኖ አንዱ ኬብል በ1 ሜትር ከረዘመ ጥንዶቻችሁ በሙሉ ከመስኮቱ ውጪ ይወድቃሉ፣ እናንተም ክሪስታሉን ስትወቅሱ ትውላላችሁ።

ጥምሩን ለቀኙ ነጠላ ስታካፍሉ የግራውን መንገድ ብቃት ታገኛላችሁ፤ ለግራው ስታካፍሉ የቀኙን። መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ግን አስቡት፦ ቀኙ ፎቶን በሰማ ቁጥር ግራው ምን ያህል ጊዜ አብሮ ሰማ? ያ የግራው መንገድ ጤንነት ነው። የዚህ ስሌት ውበት የዲቴክተሩን ብቃት አስቀድሞ ማወቅ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ሁለቱን ነጠላዎች አባዝታችሁ ለጥምሩ ስታካፍሉ ደግሞ ክሪስታሉ ውስጥ በዚያ አቅጣጫ የተወለዱ ጥንዶች ብዛት ይወጣል።

የአጋጣሚ ቆጠራውንም ቀንሱ። ግራው ነጠላ ሲባዛ በቀኙ ነጠላ ሲባዛ በጊዜ መስኮቱ ነው። 100,000 በ100,000 በ5 ናኖሰከንድ ካላችሁ በሰከንድ 50 የውሸት ጥንድ አለ ማለት ነው። ጥምራችሁ 10,000 ከሆነ አያሳስብም፤ 200 ከሆነ ግን ሩብ ያህሉ ውሸት ነው።

ቁጥሩ ዝቅ ሲል መጀመሪያ ፊልተሩን ተጠራጠሩ። ነጠላው ላይ የሚታየው ብርሃን በሙሉ ከጥንድ የመጣ አይደለም፤ ጨለማ ውስጥ ዲቴክተሩ ራሱ የሚያወጣው የውሸት ቆጠራ አለ፣ የፓምፑም ቁራጭ አለ። ለዚህ ብሎ ሰው በሁለቱም መንገድ ጠባብ ፊልተር ይከታል። እሱ ላይ ተጠንቀቁ። ጥንዶቹ ሁሉ ልክ 810 አይደሉም፤ አንዱ 807 ሲሆን ጓደኛው 813 ይሆናል። ሁለቱ ፊልተሮች መሃላቸው ትንሽ ከተለያየ አንዱን ያሳልፉና ጓደኛውን ይገድላሉ። ነጠላ ቆጠራው ጥሩ ይመስላል፣ ጥምሩ ግን ይሞታል። የኔ ምርጫ ፓምፑን በደንብ የሚዘጋ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን በሰፊው የሚያሳልፍ ፊልተር ነው። ጠባብ ግድ ካላችሁ አንዱን መንገድ ብቻ ጠባብ አድርጉ፣ ሌላውን ሰፊ ተዉት።

ሌሎቹ ሌቦች ጥቃቅን ናቸው ግን ይደመራሉ። ሽፋን የሌለው እያንዳንዱ የመስታወት ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል፤ አንድ ሌንስ ሁለት ገጽ አለው። የቆሸሸ የፋይበር ጫፍ ከዚያ ይብሳል። ሲልከን ዲቴክተር 810 ላይ ከ50 እስከ 60 በመቶ ያህል ይሰማል፣ ስለዚህ በሱ ከዚያ በላይ ብቃት አትጠብቁ። ከዚያ ያለፈ ብቃት ሲያስፈልግ፣ በ2015 ቪየና እና ቦልደር ላይ ክፍተት የሌለውን የቤል ፈተና (መቆራኘቱ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠውን፣ ደረጃ 7 ላይ የምንደርስበትን) የሠሩት ሰዎች እንዳደረጉት፣ ከፍጹም ዜሮ በጥቂት ዲግሪ ብቻ በሚበልጥ ወይም ከዚያም ባነሰ ቅዝቃዜ ወደሚሠሩ ሱፐርኮንዳክቲንግ ዲቴክተሮች ይኬዳል።

ደረጃ 6፦ መቆራኘቱን ማምጣት

አሁን ፓምፑን 45 ዲግሪ ላይ አድርጉና በሁለቱም መንገድ ፖላራይዘር ጨምሩ።

መጀመሪያ ሁለቱንም አግድም፣ ከዚያ ሁለቱንም ቁም አድርጋችሁ ጥምሩን እዩ። እኩል ካልሆኑ ሃፍ ዌቭ ፕሌቱን ትንሽ እያዞራችሁ አስተካክሉ። አንዱ አግድም ሌላው ቁም ሲሆን ጥምሩ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይገባል። ይህ ቶሎ ይሳካል፣ በዚህም ብዙ ሰው ይደሰታል። ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፤ በተራ ሳንቲም ውርወራ አንዴ ሁለት አግድም አንዴ ሁለት ቁም የሚልክ ማሽንም ይህንኑ ያሳያል።

እውነተኛው ፈተና ሰያፉ ላይ ነው። አንዱን ፖላራይዘር በ45፣ ሌላውን በተቃራኒው በ45 ሲቀነስ አድርጉ። ጥሩ የተቆራኘ ጥንድ ከሆነ እዚህም ጥምሩ መጥፋት አለበት። መጀመሪያ ላይ አይጠፋም። ምክንያቱ በሁለቱ ዕድሎች መካከል ያለው የፌዝ ልዩነት ነው፤ ማለትም የሞገዶቻቸው ከፍታና ዝቅታ አይገጥምም። በፓምፑ መንገድ ላይ ስስ የኳርትዝ ሳህን አስገብታችሁ በቀስታ አዘንብሉት፤ ጥምሩ ይወጣል ይወርዳል። ዝቅተኛው ቦታ ላይ አቁሙት።

ዝቅተኛውም ቦታ ከፍ ያለ ከሆነ «ምልክት» አለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጊዜ ምልክት ነው። በመጀመሪያው ክሪስታል የተወለደው ጥንድ ሁለተኛውን ማለፍ አለበት፤ 810 እና 405 ደግሞ በክሪስታል ውስጥ በተለያየ ፍጥነት ነው የሚሄዱት። ስለዚህ የመድረሻ ሰዓቱ ከየትኛው ክሪስታል እንደመጣ ያሳብቃል። የተለመደ ዳዮድ ሌዘር ቀለሙ ሰፋ ያለ ስለሆነ ይህ በደንብ ይጎዳዋል። መድኃኒቱ ከክሪስታሉ በፊት የሚቀመጥ ማካካሻ ክሪስታል ነው፤ የፓምፑን ሁለት ፖላራይዜሽኖች አስቀድሞ በሚፈለገው ያህል ያለያያቸዋል። ሁለተኛው ምልክት የቦታ ነው፦ ፌዙ ከማዕዘን ማዕዘን ይለያያል፤ መልቲሞድ ፋይበር ሰፊ ማዕዘን ስለሚሰበስብ ሁሉንም ያደባልቃል። ሲንግልሞድ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከፍተኛውን ጥምር ከዝቅተኛው ቀንሳችሁ ለድምራቸው ስታካፍሉ ቪዚቢሊቲ ይባላል። በሰያፉ ከ71 በመቶ በታች ከሆነ የቤል ፈተናን አያልፍም። 90 ጥሩ ጅምር ነው። ከ95 በላይ ከሆነ ሥራ ተሠርቷል።

ደረጃ 7፦ የቤል ፈተና

አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘር እና አንቶን ሳይሊንገር የ2022ን የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት የሥራ መስመር ነው። ክላውዘር እና ሦስት ባልደረቦቹ በ1969 ያወጡት ቀመር ሲኤችኤስኤች ይባላል።

ግራው ፖላራይዘር 0 እና 45 ላይ፣ ቀኙ 22.5 እና 67.5 ላይ ይሁን። አራት ጥምረት ይወጣል። ለእያንዳንዱ ጥምረት የሁለቱን ፖላራይዘሮች 90 ዲግሪ ዝዋሪም መለካት አለባችሁ፤ ስለዚህ በድምሩ 16 ቆጠራ ነው። በየጥምረቱ የሚስማሙትን ደምሩ፣ የማይስማሙትን ቀንሱ፣ ለጠቅላላው አካፍሉ። ከአራቱ ውጤቶች 0 ከ67.5 ጋር ያለውን ብቻ ቀንሱ፣ ሦስቱን ደምሩ።

ውጤቱ ከ2 ካለፈ፣ ፎቶኖቹ መልሳቸውን አስቀድመው ይዘው ነው የሚጓዙት የሚለው ማብራሪያ አይሠራም። የኳንተም ጣሪያው 2.828 ነው። 95.5 በመቶ ቪዚቢሊቲ ካላችሁ 2.7 ታገኛላችሁ። ከ2.828 በግልጽ በላይ ከመጣ ደግሞ አትደሰቱ፤ ቆጠራው መሃል ላይ የሌዘሩ ጉልበት ተለዋውጧል ወይም ማዕዘን ተሳስቷል። የእያንዳንዱ ቆጠራ ስሕተት የራሱ ስኩዌር ሩት ነው፤ 10,000 ከቆጠራችሁ 100፣ ማለትም 1 በመቶ። ስለዚህ ደካማ ምንጭ ያለው ሰው ረጅም ይቁጠር እንጂ ጉልበት ያለ ልክ አይጨምር።

ጉልበት ያለ ልክ መጨመር ለምን አይሆንም? ፓምፑን እጥፍ ስታደርጉት ጥንዱ እጥፍ ይሆናል፤ የአጋጣሚው ግን አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ በአንድ የጊዜ መስኮት ሁለት ጥንድ የመወለድ ዕድል ይጨምራል፣ ቪዚቢሊቲም ይወርዳል። ይህ የዚህ ዓይነት ምንጭ ተፈጥሯዊ ገደብ ነው። ጥንድ በተፈለገ ጊዜ አንድ ብቻ የሚሰጡ ኳንተም ዶት የተባሉ ምንጮች የሚሠሩት ይህን ለማለፍ ነው፤ ግን 4 ኬልቪን አካባቢ መቀዝቀዝ ይፈልጋሉ።

ደረጃ 8፦ ከዚህ የሚበልጥ ሲያስፈልግ

ብቃትም ብዛትም ከፈለጋችሁ ቀጣዩ መሄጃ ፒፒኬቲፒ ክሪስታል በሳኛክ ቀለበት ውስጥ ነው። በ2006 ኤምአይቲ ላይ የቀረበ፣ በቀጣዩ ዓመት ቪየና ላይ የተሻሻለ ንድፍ ነው። ክሪስታሉ ውስጥ በየ10 ማይክሮሜትር ገደማ አቅጣጫ የሚቀይር ንብርብር ስላለ ጥንዶቹ በኮን ሳይበተኑ ከፓምፑ ጋር በአንድ መስመር ይወጣሉ። ስለዚህ ክሪስታሉን በሴንቲሜትር ማስረዘም ይቻላል፣ ሲንግልሞድ ፋይበር ውስጥም በጣም ይመቻል። ፓምፑ ቀለበቱን በሁለቱም አቅጣጫ ይዞራል፤ ሁለቱ ዕድሎች ያንኑ መንገድ ስለሚጋሩ ጠረጴዛው ቢንቀጠቀጥም ፌዙ ይጸናል። ቻይና በ2016 ያመጠቀቻት ሚሲየስ ሳተላይት የተሸከመችው ይህንን ዓይነት ምንጭ ነው። በሰከንድ 5.9 ሚሊዮን ጥንድ አምርታ፣ 1203 ኪሎሜትር ተራርቀው ላሉ ሁለት ጣቢያዎች በሰከንድ አንድ ጥንድ ያህል አድርሳለች።

በፋይበር ርቀት ለመላክ ካሰባችሁ 810ን ተዉት። በኪሎሜትር 3 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም ግማሹ፣ ይጠፋል። 1550 ናኖሜትር ላይ ኪሳራው 0.2 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ለዚያ ፓምፑ 775 ይሆናል። ሲልከን ዲቴክተር ግን 1550ን አያይም፤ ዲቴክተሩም አብሮ ይቀየራል፣ ወጪውም በዋናነት እሱ ላይ ነው።

ሳኛኩን ስትጀምሩ ክሪስታሉን ሙቀቱን በ0.1 ዲግሪ በሚጠብቅ ማሞቂያ ውስጥ አኑሩት። ሁለቱ ፎቶኖች አንድ ቀለም ላይ እስኪገናኙ ሙቀቱን ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ፣ በየለውጡም ክሪስታሉ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ደረጃ 5 ተመልሳችሁ ጥምሩን ለነጠላው አካፍሉ።